«ልጄ ታስራለች» ያልኩ ጊዜ

ባለቤቴ ስለ እኔ ሲያወራ፣ «የኔ ሚስት ቃል በኪሎ የሚሸጥ ነው የሚመስላት» ይላል። አልተሳሳተም። ብዙ ማውራት አይሆንልኝም። ጸሎቴም አጭር ነው፤ እግዚአብሔር እስከ ዛሬ «አልገባኝም፣ አብራሪልኝ» ብሎኝ አያውቅም። ሰው ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ይህን የተረዳሁት በኮሮና ጊዜ፣ ትልቋ ልጄ ዓረብ አገር ስትታሰር ነው።

የምንኖረው ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ነው። ሎክዳውኑ ሲታወጅ ባለቤቴ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቴምቢሳ፣ ሱቃችን ውስጥ ነበር፤ እኔ ቤሪያ ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ባለችው አንድ ክፍላችን። እንደተለያየን ቀረን። ስፓዛ፣ እንደኛ ያለ የሰፈር ሱቅ፣ ምግብ እንዲሸጥ ስለተፈቀደ እሱ በሽቦው መስኮት ቀኑን ሙሉ ሰው ያያል። እኔ ደግሞ ፊት ለፊቴ ያለውን ፎቅ አያለሁ፤ በየመስኮቱም እኔን የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። ጤና ነበረን። የምንበላውም አላጣንም። ተመስገን እያልኩ እኖር ነበር።

ልጄ ያደገችው ሆሳዕና፣ እናቴ ጋ ነው። ትምህርቷን እንደጨረሰች በደላላ በኩል ዓረብ አገር ሄዳ ሰው ቤት ተቀጠረች። በሽታው ሲመጣ አሠሪዋ፣ ልጄ «ማዳም» የምትላት፣ በጣም ፈራች። ልጄ ከዚያ ቤት ደጅ ወጥታ አታውቅም፤ በሽታ ቢመጣም የሚመጣው ከማዳም እንግዶች ጋር ነበር። ማዳም ግን የልጄን ሻንጣ ከበር አወጣች፤ ልጄንም ከሻንጣው አጠገብ አቁማ በሩን ዘጋችው። የመኖሪያ ወረቀቷ ከውስጥ ቀረ፤ እሷ ከውጭ። መንገድ ላይ ፖሊስ አገኛትና ወሰዳት።

ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ቀን የደረሰኝ አንዲት አጭር የድምፅ መልእክት ናት።

«እማዬ፣ ታስሬያለሁ። ምንም አላደረግኩም። ለምን ብለን ብንጠይቅ የሚመልስልን የለም። እስከ መቼ ብንልም የሚመልስ የለም። ስልኩን ብዙ ሰው ይጠብቀዋል። ቻው።»

እሷም እንደ እኔ ናት፤ ቃል አታባክንም።

አለቀስኩ። ፊቴን ታጠብኩ። ከዚያ የሴቶች ጸሎት የዋትሳፕ ግሩፓችንን ከፈትኩና «ልጄ ታስራለች። ጸልዩልኝ» ብዬ ጻፍኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን አነጋገር «ታስሯል» ሲባል ፖሊስ ያዘው ማለት አይደለም። መጸለይ ያቃተው ታስሯል። ባሏን የጠላች ታስራለች። ሥራ እምቢ ያለውም ታስሯል። ያሰረው ማን እንደሆነ አይጠየቅም፤ አንድ ነው፣ ይታወቃል። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ይህ ትዝ አላለኝም። የጻፍኩት የሆነውን ነው።

መልሱ ወዲያው ጎረፈ። «እስራቱ ይበጠስ!» «ጌታ ይፍታት!» «ተፈታች፣ አሜን!» ተጽናናሁ። ከእህቶች አንዷ፣ ጠያቂ ናት፣ ዝርዝር ፈለገች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሰሞኑ።»

«ትጮኻለች?»

«አይ፣ ዝም ብላ ነው።»

«ምግብ ትበላለች?»

«ሲሰጧት።»

«ትተኛለች?»

«ወለል ላይ።»

«ወይ ጌታዬ! ጠንካራ ነው» ብላ ጻፈች። እኔም «አዎ፣ ጠንካራ ነው» አልኳት። ስለ እስር ቤቱ የምታወራ መስሎኝ ነው።

ፓስተራችን መንፈስ በማስወጣት የታወቁ ናቸው። ከጆሃንስበርግ ብቻ ሳይሆን ከኦሬንጅ ፋርም ድረስ ሰው ይመጣላቸው ነበር። ደውለው «እህቴ፣ ልጅቷን በስልክ ማገናኘት ትችያለሽ?» አሉኝ። «ስልኩ ሲደርሳት ትደውላለች» አልኳቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዙም ተሰበሰብን። ያኔ ዙም ለሁላችንም አዲስ ነበር። አንዷ ሽንኩርት ስትጠብስ ይሰማል፤ የአንዷ ልጅ ያለቅሳል። ጠያቂዋ እህት ካሜራውን ወደ ላይ ስለምታዞረው ፊቷን ረስተን ጣሪያዋን አውቀነው ነበር።

ልጄ ስትደውል ሁለቱን ስልኮች፣ ዙም ያለበትንና እሷ ያለችበትን፣ አፍ ለአፍ አጋጠምኳቸው። ፓስተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድምፃቸው ተለወጠ።

«አንተ! ስምህ ማነው?»

«አቤት?» አለች ልጄ።

ኋላ ስጠይቃት፣ ወንድና ሴት የማይለይ አማርኛ ስትሰማ፣ አማርኛ የተማረ ፈረንጅ ባለሥልጣን መስሏት ነበር። የመጣልን ሰው ነው ብላ ተነሥታ ቆማ ነው የመለሰችው።

«ስንት ናችሁ?» አሉ ፓስተሩ።

«ብዙ ነን ጌታዬ። አዳራሹ ሞልቷል። የምንተኛው በተራ ነው።»

ዙሙ በሙሉ «ኢየሱስ! ኢየሱስ!» አለ።

«ከየት መጣችሁ?»

«እኔ ከሆሳዕና ነኝ። ከወራቤ አሉ፣ ከሐላባ፣ ከጅማ፣ ከደሴም አሉ።»

«ማነው የላካችሁ?»

«ደላላ።»

ፓስተሩን በዚህ ስም የሚጠራ መንፈስ ገጥሟቸው አያውቅም። ግን የሚበገሩ ሰው አይደሉም።

«አንተ ደላላ የምትባል! አሰርኩህ!»

«እሱንስ ቢያስሩልን ጥሩ ነበር» አለች ልጄ።

«በየት በር ገባህ?»

«በኋላ በር ነው ያስገቡን። በመኪና።»

«አሁኑኑ ውጣ! ልቀቅ! ውጣ!»

«ቆልፈውታል እኮ!» አለች። ድምፅዋ መሰበር ጀመረ። «ጌታዬ፣ እርስዎ ከየትኛው ቢሮ ነዎት? ያስከፍቱልናል?»

ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ፓስተር» አልኩ፣ «ያሰራት ፖሊስ ነው።»

ሽንኩርቱ ብቻ ተሰማ።

«ምን አልሽ፣ እህቴ?»

«ፖሊስ። እስር ቤት ናት። ዓረብ አገር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«ነግሬያችኋለሁ። ታስራለች አልኩ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ባለ ጣሪያዋ ናት። ከዚያ ሁላቸውም። ልጄ ነገሩ ሲገባት እየሳቀች ዞራ ለአጠገቧ ነገረች፤ ያችም ለሌላዋ፤ በስልኩ ውስጥ የአዳራሹ ሳቅ እየሰፋ ሲሄድ ሰማሁት። ያን ሁሉ ቀን እንደዚያ አልሳቁም ነበር አለችኝ። ስለዚያ ሳቅ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ፓስተሩ አልሳቁም። ውኃ ጠጡ። ቀጥለው በተራ ድምፃቸው፣ እንደ አባት፣ «ልጄ፣ ክስሽ ምንድነው?» አሏት።

«ክስ የለኝም።»

«ዳኛ ፊት ቀርበሻል?»

«ማናችንም አልቀረብንም።»

«እስከ መቼ አሏችሁ?»

«ምንም አላሉንም።»

«እህቶች» አሉ ፓስተሩ፣ «ክስ ሳይነግሩና ዳኛ ሳያቀርቡ የሰው ልጅ ላይ መቆለፍ ኃጢአት ነው። እንዲህ ያለው ደግሞ በጸሎት ብቻ አይወጣም። በጸሎትና በታክሲ ነው።»

ያሰራት አገር ቆንስላ ከተማችን ውስጥ ስላለ፣ በሩ ድረስ ሄደን ልንጠይቅ ተስማማን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ስልኩ ሲደርሳት አብረዋት ያሉትን ስም በድምፅ ትልክልን ጀመር። ስሞቹን ተካፈልን፤ ለእያንዳንዷ እህት የምትጸልይላቸው ልጆች ደረሷት። ባለ ጣሪያዋ ቅሬታ ነበራት።

«ለእኔ የደረሱት ሦስቱ ልጆች ስማቸው አንድ ነው። የአባት ስም ጨምሪልኝ።»

«ጌታ ያውቃቸዋል» አልኳት።

«እሱማ ያውቃል። የማደባልቀው እኔ ነኝ።»

መሃል ከተማ ዕቃ የምታቀርብልን ጅምላ ሻጭ አለች። ሙስሊም ናት፣ ከወራቤ አካባቢ። በዕድሜ ትንሽ ትበልጠኛለች፤ ሰው ሁሉ «እትዬ» ይላታል። በወጣትነቷ ዓረብ አገር ስለኖረች ዓረብኛዋ ውኃ ነው። ዱቄትና ዘይት ለመግዛት ስሄድ አየችኝ።

«አንቺ ዝምተኛ፣ ምን ሆነሻል? በማስኩ ላይ እንኳ ያስታውቃል።»

«ልጄ ታስራለች።»

«ማን አሰራት? የት? በምን ጥፋት?»

ስለ መንፈስ አንድም ቃል ሳትናገር ነው ይህን የጠየቀችኝ። አቅፌ ልስማት ቃጣኝ፤ ያኔ ግን መተቃቀፍ አይፈቀድም ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ስሞቹና ስለ ቆንስላውም ጭምር።

«የኛ ልጆች አሉበት?»

«ብዙዎቹ የናንተ ናቸው።»

«እና በናንተ ዙም ነው የሚጸለይላቸው?»

«አዎ።»

«በይ ከስሞቹ ግማሹን ለእኔ ስጪኝ። የናንተንም ልጆች ቀላቅለሽ። እኔም በበኩሌ ልለምን። ደግሞ ያን ቆንስላ ስትሄዱ እኔን ትታችሁ እንዳትሄዱ፤ ማን ሊያናግርላችሁ ነው?»

ከመሄዳችን በፊት ልጄ ደወለች።

«እማዬ፣ የእኔን ስም ብቻ እንዳትጠሪ።»

«ለምን?»

«ባለፈው አንዷን ዘመዷ አስጠርቷት ብቻዋን ወጣች። እልል አልንላት። ከዚያ እስኪመሽ ማንም ከማንም ጋር አላወራም። ሰምተሽኛል?»

«ሰምቼሻለሁ» አልኩ። እሺ አላልኩም።

የቆንስላው ቢሮ በሰሜኑ የከተማው ክፍል፣ አጥሩ ከፎቁ በሚረዝምበት ሰፈር ነው። ጠዋቱ የሰኔ ብርድ ነበር፤ አንዳንዶቻችን ብርድ ልብስ ደርበን ነው የሄድነው። ታክሲ ውስጥ እትዬ አንድ የዓረብኛ ጥያቄ አስጠናችን። «ክሷ ምንድነው?» ማለት ነው፤ «ማ ቱህመቱሃ?» ይባላል። በማስክ ውስጥ እየተቀባበልን አጠናነው። ከታክሲው ስንወርድ «ማን መታሃ?» ሆኖ ነበር። እትዬ ግንባሯን ያዘች።

በሩ ላይ ተራርቀን እንደቆምን አንዲት ፖሊስ መጥታ በዙሉ ሰላም አለችን።

«ሳኒቦናኒ፣ ማማ። ይሄ ሰልፍ ነው ወይስ ቸርች?»

ፓስተሩ ስለ ሰው ልጅ መብት በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ ነገር ጀመሩ። እጇን አነሣች።

«ሰልፍ ከሆነ መበተን አለብኝ። ቸርች ከሆነ፣ ካልበዛችሁና ከተራራቃችሁ ይፈቀድላችኋል።» ዓይኗ የእትዬ ሒጃብ ላይ አረፈ። «እሷስ?»

«እሷም ቸርች ናት» አለች ባለ ጣሪያዋ።

«አስተግፊሩላህ» አለች እትዬ በቀስታ። ግን ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም።

ፖሊሷ ወደ እኔ ዞረች። «ማማ፣ አንቺ ንገሪኝ። የቱ ነው?»

«ሁለቱም ነው» አልኩ።

ከማስኩ ሥር ሳቀች። «እናቴም እንዲህ ትል ነበር። በነሱ ጊዜ፣ በአፓርታይድ ዘመን፣ ሰልፉ የሚነሣው ከቸርች ነበር» አለች። ከዚያ ራቅ ብላ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች።

«ማን መታሃ!» ማለት ጀመርን። ፓስተሩ በሩን እያዩ፣ ልማድ ሆኖባቸው፣ «ልቀቅ! ልቀቅ!» ይላሉ። በየመሃሉ እንዘምራለን። ረጅም ሰዓት ቆይቶ አንድ ወጣት ሹም ወጣ። ሥርዓት ያለው ልጅ ነው። መጀመሪያ የጠየቀው በምን ቋንቋ እየጮህን እንደሆነ ነው። እትዬ ይቅርታ ጠይቃው ጥያቄያችንን አስተካክላ ነገረችው። ክሳቸው ምንድነው?

መለሰላት። እሷም ተረጎመችልን። «ክስ የላቸውም ይላል። እስረኞች አይደሉም አለ። ጉዞ የሚጠብቁ እንግዶቻችን ናቸው አለ።»

እንግዶች! እትዬ ሒጃቧን አጥብቃ አሰረችና ወደ እሱ ዞረች። የተናገረችውን ለእኛም በአማርኛ እየደገመች ነው የተናገረችው።

«ልጄ፣ እኔ ብዙ እንግዳ ያስተናገድኩ ሴት ነኝ። እኛ አገር እንግዳ ልሂድ ሲል እንለምነዋለን። ገና ነው እንላለን። ምን አስቸኮለህ፣ ትንሽ ቆይ፣ እራት ደርሷል እንላለን። ነጠላውን ይዘን እንጎትታለን። በር ግን ቆልፈን አናውቅም። እናንተ ጋ እንግዳ ይቆለፍበታል?»

የልጁ ጆሮ ቀላ። መሬት መሬት እያየ የማን እናት እንደመጣች ጠየቀ። እትዬ ወደ እኔ ጠቆመች። በእንግሊዝኛ፣ በዝግታ አናገረኝ።

«እናቴ፣ የሁሉንም ጉዳይ ማንሣት አልችልም። የአንዷን ግን መጠየቅ እችል ይሆናል። የልጅሽን ስም ስጪኝ።»

ስልኩን አውጥቶ ድምፄን ሊቀዳ አቀረበልኝ።

ልጄ ያለችኝ በጆሮዬ ነው። የምትተኛበት ወለልም ይታየኛል። በዕድሜዬ ሁሉ ቃል አጥሮኝ አያውቅም፤ ብዙ አልፈልግማ። ያን ጊዜ ግን አጠረኝ። በልቤ «ጌታ ሆይ» አልኩ፤ ከዚያ በላይ አልሄደም።

የልጄን ስም ከነአባቷና ከነአያቷ ጠራሁ። እናት ነኝ።

ልጁ አመስግኖ ስልኩን ዝቅ ሊያደርግ ሲል፣ «አልጨረስኩም» አልኩት። አጠገቧ የምትተኛዋን ጠራሁ። የምታስለውን ጠራሁ። ስልኩን የደበቀችውን ጠራሁ። የደረሱኝን ሁሉ ጠርቼ ስጨርስ ከኋላዬ አንዷ እህት ቀጠለች፣ ከዚያ ሌላዋ። ልጁ ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ባለ ጣሪያዋ የሷን ሦስቱን ስትጠራ፣

«ደገምሽው» አላት።

«አልደገምኩም! ሦስት ናቸው! የአባታቸውን ስም ስማ!» ብላ ጮኸችበት።

እትዬ የኛን ልጆች ረጃጅም የወንጌል ስሞች ስትጠራ ምላሷ ይያዝ ነበር። እህቶቻችን ደግሞ የሙስሊሞቹን ልጆች ስም ክፉኛ ሰባበሩት። ልጁ ትንሽ ከታገሠ በኋላ አልቻለም። «እንደሱ አይባልም» እያለ አረማቸው። እነሱም «እንዴት ነው?» ይሉታል፤ እሱ አስተካክሎ ይጠራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ብዙዎቹን ራሱ በገዛ አፉ ጠራቸው። ሲያልቅ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ገባ።

ማታ ለባለቤቴ በስልክ ነገርኩት። «ሁሉንም ጠራሽ? አንቺ?» አለኝ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ እያለቀሰ ኖሯል። ደንበኛ መጥቶ ዳቦ ሲጠይቀው ነው የተመለሰው።

ለሳምንታት ምንም አልተሰማም። በየሐሙሱ ሄድን። ፖሊሷ ስንዘገይ «ዛሬ ቸርች ረፈደበት» ትለን ነበር። ልጁ አንዳንዴ በመስኮት ያየናል፤ አልወጣም። አንድ ቀን ውኃ ላከልን።

ከዚያ እነ ልጄ ያሉበት አዳራሽ ውስጥ ወደ አገር የሚመለሱትን ስም መጥራት ተጀመረ። ጩኸታችን ይሁን፣ ልጁ ይሁን፣ የሌላ አገር እናቶች ይሁኑ፣ በማን እንደሆነ አላውቅም። ለሁሉም ምስጋናዬን አቅርቤያለሁ። መጀመሪያ የወጡት የታመሙትና ልጅ የያዙት ናቸው። ልጄ አልነበረችም። ቀጥሎ በተነሣው አውሮፕላንም አልነበረችም። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ለጌታ የተናገርኩት አጭር አልነበረም።

ልብስ እያጠብኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የኢትዮጵያ ቁጥር ነው።

«እማዬ፣ አዲስ አበባ ነኝ። ተዘግቶብኛል።»

«ማነው የዘጋብሽ?»

«የጤና ሰዎች ናቸው። ለበሽታው ነው፤ የተማሪዎች ማደሪያ አስገብተውናል። ስንገባ ለምን እንደሆነ አስረዱን። መቼ እንደምንወጣም ነገሩን። እማዬ፣ ቀኑን ነገሩን!»

«ተመስገን» አልኩ። እጄ ሳሙና ነው፤ ስልኩ ይንሸራተትብኝ ጀመር።

«ላረጋግጥ ብዬ በር ላይ ያለውን ዘበኛ ጠየቅኩት። ያንኑ ቀን ነገረኝ። ከምሳ በኋላ ደግሜ ጠየቅኩት። ያንኑ ቀን። አሁንም ሄጄ ጠየቅኩት።»

«ምን አለሽ?»

«"እህቴ፣ ነገር ይጠፋብሻል እንዴ?" አለኝ። አልጠፋብኝም። ሲመልስልኝ ደስ ስለሚለኝ ነው።»

ሁለታችንም ሳቅን። ምግቡ ጨው እንደሌለው ነገረችኝ፤ ፍራሹ ግን የራሷ ብቻ ነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እማዬ፣ ልዝጋው። ዘበኛው ተቀይሯል። አዲሱን ልጠይቀው።»